«መንከስ አቆመ» ማለት ምንድን ነው? ክራፒ በብርድ ወራት

በዲሴምበርና በጃንዋሪ ቴክሳስ ውስጥ ሐይቅ ዳር ብትሄዱ አንድ ወሬ አይጠፋም፤ «ክራፒው መንከስ አቁሟል»። ሰውየው መንጠቆውን ጥሎ ሁለት ሰዓት ይጠብቃል። ምንም የለም። ብርዱ ሲብስበት ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። ከሁለት ወር በፊት እኮ እዚሁ ቦታ ቆሞ ብዙ ይዟል። ታዲያ ዓሣው የት ገባ?

ክራፒን ለማያውቅ፣ የሰሜን አሜሪካ የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ነው። እንደ ቆሮሶ ጎኑ ሰፋ፣ ወገቡ ሳሳ ያለ ነው። ነጭና ጥቁር የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። ብዙውን ጊዜ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሥጋው ግን ነጭና ለስላሳ ነው፤ ሲጠበስ የሚያህለው የለም። ብርዱ ደግሞ ከነቢያት ጾም ጋር ይገጥማል። በጾም ዓሣ የሚበላ ቤት ትኩስ ዓሣ የሚፈልገው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። ዓሣ እንደ እኛ የራሱን ሙቀት ጠብቆ አይኖርም። ውኃው ሲቀዘቅዝ ሰውነቱም አብሮ ይቀዘቅዛል። እንቅስቃሴው ዝግ ይላል። የበላው ቶሎ ስለማይፈጭ ቶሎ አይርበውም። ውኃው ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ለውጡ በደንብ ይታወቃል። ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ዳር ያደገ ሰው ይህ ቢገርመው አይፈረድበትም። የእኛ ሐይቆች ዓመቱን ሙሉ ሞቅ ያሉ ናቸው።

ቢሆንም ክራፒ በብርድ መብላቱን አይተውም። ሚኒሶታ ውስጥ ሐይቁ በበረዶ ሲሸፈን ሰዎች በረዶውን በስተው ክራፒ ያወጣሉ። እሱ የሚተወው ምግብ ማሳደዱን ነው። ስለዚህ «መንከስ አቆመ» ስንል ሁለት ነገር እየደባለቅን ነው። አንደኛ፣ ዓሣው ቦታ ቀይሯል። ሁለተኛ፣ አነካከሱ ተለውጧል።

ቦታውን እንይ። በሙቀት ወራት የጥልቅ ሐይቅ የታችኛው ክፍል ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ዓሣ እዚያ ብዙ አይቆይም። ወቅቱ ሲቀዘቅዝ የላዩ ውኃ ከብዶ ይሰምጣል፣ የታችኛው ይነሣል፣ ሐይቁ ይደባለቃል። ኦክስጅንም እስከ ታች ይደርሳል። ያኔ ክራፒ ተሰባስቦ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ከዳላስ በስተምሥራቅ ባለው ሌክ ፎርክ በሚባል የግድብ ሐይቅ ከ9 እስከ 15 ሜትር ጥልቀት ላይ ይገኛል። በግድቡ ውኃ የተዋጡ የድሮ ዛፎች፣ የሰመጡ ቅርንጫፎችና የቀድሞው የወንዝ መሄጃ ያሉበትን ቦታ ይወዳል። ሶናር፣ ማለትም በድምፅ ሞገድ ውኃ ውስጥ ያለውን የሚያሳይ መሣሪያ፣ ያለው ሰው በቀላሉ ያየዋል። የሌለው ሰው ድልድይ ሥር ወይም ጥልቅ ውኃ ላይ የተሠራ መቆሚያ ላይ ይሞክር።

ጥልቀቱን ካወቃችሁ በኋላ አንድ ስሕተት አለ። ብዙ ሰው መንጠቆውን ከዓሣው በታች ይጥለዋል። ክራፒ ወደ ላይ እያየ የሚበላ ዓሣ ነው። ከሥሩ ላለው ነገር ብዙም ደንታ የለውም። ዓሣው 9 ሜትር ላይ ካለ መንጠቆው 8 ሜትር ተኩል ላይ ይሁን።

ማጥመጃውም ይነስ። አንድ ግራም ገደማ የምትመዝን ጂግ (ራሷ ላይ ክብደት ያላት ሰው ሠራሽ ማጥመጃ) ወይም አንዲት ትንሽ ሕያው ዓሣ ትበቃለች። ክሩም ቀጭን ይሁን። ከዚያ እጃችሁን አሳርፉት። በሞቃት ጊዜ መንጠቆውን ማወዛወዝ ይሠራል፤ በብርድ ግን ያበላሻል። ዓሣው ቀርቦ ያያል፣ ይቆያል፣ ከዚያ ይወስናል። ጊዜ ስጡት።

እኔ ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ንክሻውን ነው። በጸደይ ክራፒ ሲነክስ ዘንጉ ጠብ ይላል፤ እጅ ያውቀዋል። በብርድ እንዲህ አይደለም። ዓሣው ከሥር ይመጣል፣ ጂጓን በአፉ ይይዛል፣ ትንሽ ከፍ ይላል። በዚያች ቅጽበት የተወጠረው ክር ይላላል። በቃ፣ ምልክቱ ይኸው ነው። መጎተትን የሚጠብቅ ሰው አያየውም። ዓሣው ቀምሶ ይተፋዋል፣ ሰውየውም «ምንም የለም» ብሎ ይሄዳል። ዓይናችሁን ከክሩ ላይ አታንሡ። ሲላላ ዘንጉን ቀስ አድርጋችሁ ብቻ ከፍ አድርጉ። የክራፒ አፍ ስስ ነው፤ አሜሪካኖቹ «የወረቀት አፍ» ይሉታል። በኃይል ከተነጠቀ ይቀደዳል።

የአየሩንም ነገር ቸል አትበሉ። ድንገተኛ ብርድ በገባ ማግሥት ዓሣው ይበልጥ ይደነዝዛል። ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ከወጣ በኋላ መሄድ ይሻላል።

ጥልቀቱ ግን ዋጋ አለው። ከ9 ሜትር በታች ያለ ዓሣ በፍጥነት ሲወጣ በሆዱ ያለው የአየር ከረጢት ይነፋል። መልሳችሁ ብትለቁትም ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ለዚህ ነው ሌክ ፎርክ በብርድ ወራት የተለየ ደንብ የኖረው። በቴክሳስ ባጠቃላይ ከ10 ኢንች ያነሰ ክራፒ ወደ ውኃው ይመለሳል። ሌክ ፎርክ ላይ ግን ከዲሴምበር 1 እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ የያዛችሁትን ክራፒ ሁሉ፣ ትንሹንም ትልቁንም፣ ይዛችሁ እንድትሄዱ ይጠይቃል። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው በቀን 25 ዓሣ ነው። መርጦ ትልልቁን ማስቀረት የለም። ደንብ ስለሚሻሻል ከመሄዳችሁ በፊት የዘንድሮውን እዩ፤ ዕድሜው 17 የሞላ ሰው ፈቃድም ያስፈልገዋል። ሃያ አምስተኛው ሲወጣ ዘንጉን አጥፉና ዓሣውን በረዶ ውስጥ ክተቱት።