ዥንጉርጉር የቤት ሳሙና፦ የምንሰማውና እውነታው

ሐዋሳ ላይ ሳሙና በቤቴ እንደምሠራ የሰማ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ቀለሙ ነው። ነጩ ከቡናማው ጋር እንዴት እንደዚያ ተጥመልምሎ እንደሚወጣ ማወቅ ይፈልጋል። ደስ እያለኝ እነግራለሁ። ወሬው ወደ አሠራሩ ሲገባ ግን ሰው የማያስፈራውን ሲፈራ፣ የሚያስፈራውን ደግሞ ሲንቅ አያለሁ። ይሄ ያሳስበኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ተፈጥሯዊ ሳሙና ኮስቲክ ሶዳ የለውም።»

ኮስቲክ ሶዳ፣ በአጭሩ ኮስቲክ፣ ቆዳ የሚያቃጥል ኃይለኛ ኬሚካል ነው። ዘይትና ኮስቲክ ሲዋሃዱ ነው ሳሙና የሚሆኑት፤ አብሮም ግሊሰሪን ይወጣል። ያለ ኮስቲክ ጠንካራ ሳሙና በቤት አይሠራም። ልኩ ትክክል ከሆነ ግን ባለቀው ሳሙና ውስጥ ኮስቲክ አይተርፍም፤ ዘይቱ ይጨርሰዋል። አቅልጠን ቅርፅ ማውጫ ላይ የምናፈሰው ዝግጁ ሳሙናም ቢሆን አብዛኛው ፋብሪካ ውስጥ በዚሁ መንገድ ያለፈ ነው።

«እናቶቻችን በእንዶድ ሲያጥቡ ኮስቲክ የት ነበር?» የሚሉኝም አሉ። እንዶድ እውነትም ያጥባል፣ አረፋም ያወጣል። የሚያጥበው ግን በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን የሚባል አረፋ የሚሠራ ነገር ነው እንጂ ሳሙና ሆኖ አይደለም። ደግሞ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያዩትን አስታውሱ። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በኩል ስለሆነ ምርምራቸው የተነሣው ከዚያ ነው። ከተክል የመጣ ሁሉ ገር አይደለም።

«በስኒ ብለካስ ምን አለበት?»

ብዙ አለበት። ሳሙና የሚለካው በግራም ሚዛን ነው፤ ዘይቱም፣ ኮስቲኩም፣ ውሃውም። እያንዳንዱ ዘይት የሚፈልገው ኮስቲክ ይለያያል። ለምሳሌ 200 ግራም የፓልም ዘይት፣ 150 ግራም የኮኮናት ዘይትና 150 ግራም የወይራ ዘይት ብታደርጉ 72 ግራም ያህል ኮስቲክ በ150 ግራም ውሃ ይበቃል። ይህ ልክ 5 በመቶ የሚሆነው ዘይት ወደ ሳሙና ሳይቀየር ለቆዳችን እንዲቀር ታስቦ ነው።

አሁን ኮኮናቱ ጠፋና በዚያው ልክ የሱፍ ዘይት ጨመራችሁ እንበል። የዘይቱ ድምር ያው 500 ግራም ነው። ዘይቶቹ ጨርሰው ሊወስዱ የሚችሉት ኮስቲክ ግን ወደ 69 ግራም ይወርዳል። የቀረው 3 ግራም ሳሙናው ውስጥ ይቀመጥና ቆዳ ይለበልባል። ስለዚህ ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር እንደገና አስሉ። ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚሠራ የሳሙና ማስያ ሞልቷል። ወይራው ተወደደ የምትሉ ከዚሁ ከጎናችን ይርጋለም የአቮካዶ ዘይት ይመረታል። የሁለቱ የኮስቲክ ፍላጎት በጣም ተቀራራቢ ነው፤ እሱንም ቢሆን ግን አስሉት።

«ማንኛውም ድስት ይሆናል።»

እባካችሁ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። አብዛኛው ቤታችን ያለው ድስት አሉሚኒየም ነው። ኮስቲክ አሉሚኒየምን ይበላል፤ እየበላም ሃይድሮጅን የሚባል በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። በፎይል የተሸፈነ ቅርፅ ማውጫም ያው ነው። ስቴንለስ ስቲል ወይም ሙቀት የሚችል ወፍራም ፕላስቲክ ተጠቀሙ። ዕቃውንም ለወጥ አትመልሱት።

ኮስቲኩ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ኮስቲኩ ላይ አይፈስም። ሲሟሟ ከ80 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፤ ውሃ ከላይ ካፈሰሳችሁበት ደግሞ ሊፈነጠር ይችላል። ጓንት፣ የዓይን መከላከያ፣ የተከፈተ መስኮት። የተረፈውን ብጥብጥ ደግሞ በሃይላንድ አታስቀምጡ። ሲያዩት ውሃ ይመስላል፤ ልጅ ብድግ አድርጎ ሊጠጣው ይችላል። ጉሮሮ የሚያቃጥል ነገር ነው።

ከነካችሁስ? «ሎሚ ወይም ኮምጣጤ አድርግበት» ይባላል። አይደረግም። ልብሱን አውልቃችሁ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እጠቡት። ዓይን ከሆነ እያጠባችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ወደ ውበቱ ስንመጣ፣ «በደንብ ካልተመታ ቀለሙ አይዋሃድም» የሚለው አባባል ብዙ ሥራ ያበላሻል። ቀለሙ እንዲዋሃድ አይደለም የምንፈልገው፤ ጎን ለጎን እንዲሄድ ነው። የኮስቲኩን ውሃ ዘይቱ ላይ ከጨመራችሁ በኋላ የእጅ ብሌንደር ለጥቂት ሰከንድ፣ ከዚያ በማንኪያ ማማሰል፣ እንደገና ጥቂት ሰከንድ። ውህዱ ቀጭን አጥሚት ሲመስል አቁሙ። ከማንኪያው የሚወርደው ጠብታ ላዩ ላይ ምልክት ትቶ ወዲያው ከሰመጠ ጊዜው ያ ነው። ከዚያ ውህዱን በየዕቃው ከፋፍላችሁ ቀለሙን ጨምሩበት፣ ያለ ብሌንደር በማንኪያ ብቻ አማስሉ፣ እያፈራረቃችሁ አፍስሱ፣ በመጨረሻም ቀጭን እንጨት አስገብታችሁ ጥቂት ጊዜ ወዲህ ወዲያ አድርጉ። እንጨቱን ማብዛት መስመሩን ያጠፋዋል፤ እጅ መሰብሰብ ያስፈልጋል።

ፓልም ያለበትን ውህድ 38 ዲግሪ አካባቢ ያዙት። ከዚያ በጣም ከቀዘቀዘ ዘይቱ ራሱ ይረጋና ሳሙናው የደረሰ ያስመስላል። ሽቶም መጨረሻ ላይ ይግባ። የቅርንፉድ ዘይት በተለይ ውህዱን ቶሎ ያጠነክረዋል፤ ለመጀመሪያ ሥራ አልመክረውም።

«ቀለም ከጓዳ ይገኛል» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። እርድ ከቢጫ እስከ ብርቱካናማ ይሰጣል፤ ብርሃን ላይ ግን እየደበዘዘ ይሄዳል። በደንብ የተፈጨ ቡና ቆንጆ ቡናማ ነው፣ ከሰልም ጥቁር። ያ የሚያምረው የከርከዴ ቀይ ግን ኮስቲክ ሲነካው ቡናማ ይሆናል። ቀይ ሥርም አይጸናም። የምግብ ቀለም ሊቀየር ወይም ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሊሰርግ ይችላል። በርበሬ ይቅር፤ ፊት የምንታጠብበት ነገር ነው። ለሲሚንቶ የሚሸጠውን የቀለም ዱቄት ደግሞ ፈጽሞ አትጨምሩ። ለቆዳ ተብሎ የተጣራ ስላልሆነ እርሳስን የመሰሉ ብረቶች ሊኖሩበት ይችላሉ። ለኮስሞቲክስ የተዘጋጀ አይረን ኦክሳይድና (ከብረት የሚገኝ የቀለም ዱቄት) ማይካ (የሚያብረቀርቅ የማዕድን ዱቄት) ይሻላል። ማይካ ውስጥም ኮስቲክ የማይቀይረውን ጠይቃችሁ ግዙ።

«ከጠነከረ መታጠብ ይቻላል» ለሚሉት፦ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ይቆረጣል፤ ከዚያ ግን ነፋስ በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ውሃው ይወጣል፣ ሳሙናው ይጠነክራል፣ ቶሎ አያልቅም። ክረምት ላይ ታገሱት። በፌስታል አትሸፍኑት።

«ያነጣል፣ ማድያት ያጠፋል» እያሉ መሸጥ ደግሞ ሰውን ማታለል ነው። ሳሙና ያጥባል፣ ይታጠባል፣ ይሄዳል።

አንዳንዴ ከላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣበትና «ሻግቷል» ተብሎ ይጣላል። ሻጋታ አይደለም። ገና ያልተዋሃደው ኮስቲክ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተገናኝቶ የሠራው ነው። በእንፋሎት ላይ ትንሽ ብታሳልፉት ይለቃል፤ ካልለቀቀም የመጀመሪያው እጥበት ይወስደዋል።