«ያላዩት አገር አይናፍቅም»

ይህን አባባል ብዙዎቻችን የምናውቀው እንደ ማጽናኛ ነው። ምቾትን ሳያውቅ ያደገ ሰው በማጣቱ አይብሰለሰልም፣ ባሕር ያልተሻገረም ባሕር ማዶ አያምረውም ለማለት ይነገራል። ሲያሻው ደግሞ ወቀሳ ይሆናል፦ «አንተ ምን ቸገረህ፣ አላየኸው!» እንደማለት። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» የሚሉም አሉ፤ ፍሬው አንድ ነው።

አባባሉ የሚስማማው አብዛኛው ሰው በተወለደበት ቀዬ አርሶ፣ ልጆቹን ድሮና ኩሎ ለሚያልፍበት ኑሮ ነው። አገር ለማየት የሚነሡት ሲራራ ነጋዴው፣ ዘማቹና የቆሎ ተማሪው ነበሩ። ከሸዋ ወጥቶ ጎጃም ላይ ቅኔ፣ ጎንደር ላይ አቋቋም የተማረ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚናፍቀው አገር ሁለት ይሆንበታል። ከቀዬው ያልወጣው ወንድሙ ግን ስለዚያ ደብር ሲያወጉለት በደስታ ያዳምጣል እንጂ ልቡ አይሸፍትም።

እኔ በአባባሉ ውስጥ ለውጭ አገር ተማሪ የሚሆን ተግሣጽም አያለሁ። ከማደሪያ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ማደሪያ ሲመላለስ ከርሞ ዲግሪውን ይዞ የሚመለስ ሰው የኖረበትን ከተማ አይናፍቅም። አላየውማ!

ዋሽንግተን ዲሲ ስማር ይህ የገባኝ ምንም ባላቀድኩበት ቅዳሜ ነው። ዱፖንት ሰርክል አካባቢ ያለ ዓላማ ስዘዋወር እ.ኤ.አ. በ1921 ለሕዝብ ወደተከፈተው የፊሊፕስ የሥዕል ስብስብ ሙዚየም ገባሁ። ሠዓሊው ጄኮብ ላውረንስ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ላይ ሳለ የሠራው፣ ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡብ ወደ ሰሜን ያደረጉትን ታላቅ ፍልሰት የሚተርክ ሥራ ከፊቴ ተደረደረ። በመጀመሪያው ሰሌዳ ላይ ሕዝቡ ጓዙን ይዞ ቺካጎ፣ ኒው ዮርክና ሴንት ሉዊስ ተብሎ ወደተጻፈባቸው ሦስት በሮች ይተምማል። የሰዎቹ ፊት እምብዛም አይለይም፤ የተጎበጠው ጀርባቸው ግን ይናገራል። ሰሌዳዎቹ 60 ናቸው፤ ጎደሎ ቁጥር ያላቸው ፊሊፕስ፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸው ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይኖራሉ። ጠዋት ስሙን እንኳ የማላውቀውን ሥራ፣ ከሰዓት በኋላ ቀሪውን ግማሽ ለማየት ጓጓሁ። አባባሉ ሲሠራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ግማሹን ባላይ ኖሮ ግማሹን ባልናፈቅሁም ነበር።

ከዚያ በእግሬ በ15ኛው ጎዳና በኩል ወደ ሰሜን አቀናሁ። ሠዓሊዋ አልማ ቶማስ የኖረችው በዚህ ጎዳና ላይ ነው። ለ35 ዓመታት ያህል የሰፈሩን ልጆች ሥዕል ያስተማረች፣ በመስኮቷ የሚታየው የዛፍ ቅጠልና ብርሃን የሥዕሏን መልክ የለወጠላት ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ሥራዎቿን ለብቻዋ ስታሳይ 80 ዓመቷ ነበር። በዚያ መንገድ ብዙ ጊዜ በአውቶቡስ አልፌያለሁ፤ የማን ሰፈር እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም ነበር።

ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ስደርስ ኢትዮጵያዊውን ሠዓሊ እስክንድር ቦጎስያንን አሰብሁ። እ.ኤ.አ. በ1955 ለትምህርት ወደ ለንደን ሄዶ፣ ፓሪስ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 አዲስ አበባ ተመልሶ ካስተማረ በኋላ እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ድረስ ለረጅም ዓመታት ያስተማረው እዚህ ነው። በሥዕሎቹ ውስጥ የብራና ጠልሰማችን መልክ ተደጋግሞ ይመጣል፤ እርሱ ያየውን አገር ይናፍቅ ነበርና። ሥራዎቹ በዚያው ከተማ በብሔራዊ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ አሉ። መግቢያው ነጻ ነው፤ ዲሲ የሚማር ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ንገሯቸው።