እጇን ይዞ ይወስዳታል

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጸሎት ነው፤ እዚሁ ጅማ አንዲት ጓደኛዬ ቤት ያየሁትን።

ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት። ሁለቱም ኦቲዝም አለባቸው። ትልቁ ይናገራል፤ ግን የሰማውን መልሶ ነው። «ውሃ ትፈልጋለህ?» ስትሉት «ውሃ ትፈልጋለህ?» ይላችኋል፤ አዎ ማለቱ ነው። ትንሹ 7 ዓመቱ ነው፣ አንድም ቃል አይወጣውም። የሙቀጫ ድምፅ ደግሞ ያሳብደዋል። ጅማ ተቀምጦ ቡና የማይወቀጥበት ቤት አስቡት! እሷ ቡናዋን ቆልታ፣ ሙቀጫና ዘነዘናዋን ተሸክማ ጎረቤት ሄዳ ነው የምትወቅጠው። ክረምት ሲሆን ይብሳል። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እኛ እንኳ መደማመጥ ያቅተናል። እሱ ጆሮውን ይዞ አልጋ ሥር ይገባል።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ አካባቢ በድያታለሁ። «ቤታችሁ ውስጥ ያልተናዘዛችሁት ነገር እንዳለ መርምሩ፣ ጹሙ» አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም፤ ስኒዎቿን ማጠብ ቀጠለች። አንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይም ትንሹን ይዘው፣ ማይኩን ጆሮው ሥር አድርገው «ውጣ!» እያሉ ጮኹበት። ድምፅ ለሚያመው ልጅ! እኔም አብሬ አሜን እያልኩ ነበር።

በኋላ ዮሐንስ 9ን ሳነብ ደነገጥኩ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአት የሠራው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ጌታን ሲጠይቁት፣ የጠየቁት የእኔኑ ጥያቄ ነው። ጌታ ደግሞ እሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ። ኦቲዝም አእምሮ ገና ከማኅፀን ጀምሮ የሚያድግበት መንገድ ልዩነት ነው፤ የዘር ድርሻው ትልቅ ስለሆነ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች ላይ ሊታይ ይችላል። ቡዳ አይደለም፣ እርግማን አይደለም፣ የእናት አያያዝም አላመጣውም። ጓደኛዬ ልጆቿን ከሰው መደበቅ የተወችው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው ዘሚ የኑስ ስለ ገዛ ልጇ ስትናገር ሰምታ ነው። እኛ ምእመናን ይህን ልንነግራት ሲገባ!

ወደ ጸሎቱ ልመለስ። ትንሹ የሚፈልገውን በጣቱ አያሳይም። መጥቶ የእናቱን እጅ ይይዛል፣ ይጎትታታል፣ ከዚያ እጇን የፈለገው ነገር ላይ ያስቀምጣል። ዳቦ ከሆነ ዳቦው ላይ፣ መውጣት ከሆነ የበሩ መቀርቀሪያ ላይ። ፊቷን እንኳ አያይም። በእሷ እጅ ይከፍታል።

አንድ ቀን በራሴ ጉዳይ ተጨንቄ «መጸለይ አቃተኝ፣ ቃል አጣሁ» አልኳት። «አንቺ፣ እኔ እኮ በቃል መጸለይ ካቆምኩ ቆየሁ» አለችኝ። «ሌሊት ሲያቅተኝ እንደሱ ነው የማደርገው። የጌታን እጅ እይዝና ልጆቼ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ እተኛለሁ።»

ሮሜ 8፥26ን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! እንዴት እንደምንጸልይ አናውቅም፣ መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል ይላል። እኔ ግን አሳምሬ ካልተናገርኩ የማይሰማኝ ይመስለኝ ነበር። እሷ ልጇን «በአፍህ ካልጠየቅኸኝ አልሰጥህም» ብላው ታውቃለች? በጭራሽ። ገና ወደ እሷ ሲመጣ ከመቀመጫዋ ትነሳለች።

እባካችሁ፣ ጉባኤያችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ካለ ስፒከሩን ቀንሱላቸው። በር አጠገብ ወንበር ያዙላቸው፣ ልጁ ሲወጣ ሲገባ አትገላምጡት። እናቱንም ምክር ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ከሰዓት ልጆቹን ያዙላትና ትተኛ።

ባለፈው ቅዳሜ እሷ ጎረቤት ቡና ልትወቅጥ ወጥታ እኔ ከልጆቹ ጋር ቀረሁ። ዝናቡ ድንገት ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ትንሹ አልጋ ሥር ሊገባ ነው ብዬ ስጠብቅ ወደ እኔ መጣ። ሁለቱንም እጆቼን ያዘና አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ጆሮው ላይ አስቀመጣቸው። ዝናቡ እስኪያባራ እንደያዝኩት ቆምኩ።