ሰልፍ ለመውጣት «ፈቃድ» ያስፈልጋል እንዴ?

«ሰልፉ ተፈቅዷል?» ሰልፍ በተጠራ ቁጥር አገሩ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ጥያቄው ራሱ ግን ከመነሻው ተሳስቷል። የሰላማዊ ሰልፍን ሥነ ሥርዓት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚጠይቀው ማሳወቅን እንጂ ማስፈቀድን አይደለም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። አዘጋጆቹ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቃሉ። ከተማ ከሆነ ለማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው። ደብዳቤው ላይ ዓላማው፣ ቦታው ወይም መንገዱ፣ ቀንና ሰዓቱ፣ ከመንግሥት የሚፈለገው እገዛ፣ የአዘጋጆቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይሰፍራል። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም።

ታዲያ ማዘጋጃ ቤቱ ምን ሊል ይችላል? «ሌላ ቦታ ወይም ሌላ ቀን ይሁን» ማለት ይችላል። ምክንያቱን ግን ደብዳቤው በደረሰው በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መስጠት አለበት። «ከነጭራሹ አይደረግም» የማለት ሥልጣን የለውም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም መሰብሰብንና ሰላማዊ ሰልፍ ማድረግን መብት ነው ይላል።

በተግባር «ለጥበቃ የሚመደብ ፖሊስ የለንም» የሚል መልስ መስማት ብርቅ አይደለም። ወረቀቱና መሬት ላይ ያለው አሠራር አልተገናኙም።

ይህች የ«ማሳወቅ» እና የ«ማስፈቀድ» የቃል ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፤ ክብደቷ ግን ቀላል አይደለም። በየካቲት 1957 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ መሬቱ የባላባት ነበር። የገጠር መሬት በአዋጅ ከባለርስቶች እጅ የወጣው የካቲት 1967 ነው። አሥር ዓመት ፈጀ። ያኔ ፈቃድ ቢጠየቅ ማን ይሰጥ ነበር?