ኦርኪዳችሁን ከመጣላችሁ በፊት፦ ስለ ተባዮቹ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ባለፈው ሳምንት እዚህ ደሴ አንዲት ጎረቤቴ ኦርኪዷን ታቅፋ መጣች። «ሻገተብኝ፣ ልጥለው ነው» አለችኝ። ቅጠሉን ገለጥ አድርጌ አየሁት። ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ስንጥቅ ውስጥ የጥጥ ብናኝ የመሰለ ነገር ተወሽቋል። በስንጥር ጫፍ ስነካው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ።

«ነጭ ከሆነ ሻጋታ ነው።» ሻጋታ አይሄድም። ይሄ የቅጠሉን ጭማቂ የሚመጥ ተባይ ነው፤ ነጩ ነገር ሰም ነው፣ ልብሱ ማለት ነው። ውሃ ብትረጩበት ሰሙ አያስገባም። ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ግዙ፤ ጥጥ ነክራችሁ አንድ በአንድ ጥረጉት። የቅጠሉን ጀርባና የመትከያውን ጠርዝ አትርሱ። አልኮሉ እስኪደርቅ ፀሐይ አያግኘው።

«አንዴ ከተጠረገ አለቀ።» ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። እንቁላሉ ተደብቆ ይቀርና ይፈለፈላል። በሳምንት አንዴ፣ ለሦስት አራት ሳምንት ድገሙት። አብሽሩ፣ ይለቃል።

«ደሴ ብርድ ነው፣ ተባይ አይራባም።» ከተማችን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እውነት ነው። ኦርኪዱ ግን የሚውለው ሳሎን ውስጥ፣ ለእኛም በሚሞቀን ቦታ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ደግሞ ከፍታው ወደ 1,850 ይወርዳል። እዚያ በደረቁ ወራት ቀይ ሸረሪት ቶሎ ይበዛል። በዓይን በጭንቅ ይታያል፤ ቅጠሉን ያደበዝዘዋል። 8 እግር ያለው የሸረሪት ዘመድ ስለሆነ ብዙ የነፍሳት መድኃኒት አይነካውም። የቅጠሉን ሁለቱንም ገጽ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ቅጠሎቹ የሚወጡበት መሐል ላይ ውሃ እንዳይቀር፤ ተክሉ ይበሰብሳል።

«ጉንዳኖቹ በሉት።» ጉንዳን የሚመጣው ተባዮቹ የሚያንጠባጥቡትን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው። ቅጠሉ ሥር ቡናማ ቅርፊት የመሰለ ነገር ካለ እሱም ተባይ ነው፤ በጥፍር ፈንቅሉት። ተባይ ሳይኖር የአበባው ዘንግ ላይ ጥርት ያለ ጠብታ ካያችሁ ግን አትደንግጡ። ተክሉ ራሱ ያወጣዋል።

«የእርሻ መድኃኒት ይጨርሰዋል።» ማላታይን ልጆች በሚተኙበት ቤት ውስጥ አይረጭም። እባካችሁ!

የጎረቤቴን ኦርኪድ ከሌሎቹ ለይተን ለብቻው መስኮት ላይ አስቀመጥነው። ትናንት ሁለተኛውን ዙር ጠረግን። ከአንድ ቅጠል ሥር ሁለት ነጫጭ ነጥቦች ብቻ አገኘን።