«ክሮም ጫንኩ፣ ከሳፋሪ ተገላገልኩ»፦ በስልክ ብሮውዘር ዙሪያ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ኮዬ ፈጬ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ከተደረደሩት ሱቆች በአንዱ ስልክ እጠግናለሁ። ከተሰነጠቀ ስክሪንና ከላላ የቻርጀር ማስገቢያ ቀጥሎ በብዛት የሚመጣልኝ አቤቱታ «ድረ ገጹ አልከፈት አለኝ» የሚለው ነው። ባለቤቱ ታዲያ ስልኩን ብቻ ይዞ አይመጣም፤ የችግሩንም ምክንያት አብሮ ይነግረኛል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው። ከሚደጋገሙት የተወሰኑትን ላንሳ።

«አይፎኔ ላይ ክሮም ስለጫንኩ ሳፋሪ አይመለከተኝም»

ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈር ልጅ ያገለገለ አይፎን ይዞ መጣ። የሥራ ማመልከቻ ቅጽ እየሞላ ነበር፤ ፎቶውን አስገብቶ «ላክ» የሚለውን ሲነካ ገጹ ዝም ይላል። ከአይፎኑ ጋር በሚመጣው በሳፋሪ ሞከረ፣ አልሆነም። ክሮም አወረደ፣ አልሆነም። ፋየርፎክስ ሲያወርድ ደግሞ የኢንተርኔት ጥቅሉ አለቀ። «ጋሼ፣ ሦስቱም በአንድ ቀን ይበላሻሉ?» አለኝ።

ልጁ ሦስት ጊዜ የሞከረው አንዱን ነገር ነበር። ብሮውዘር፣ ማለትም ድረ ገጽ የምንከፍትበት መተግበሪያ፣ ከላይ የምናየው መልክ አለው፤ የአድራሻ መጻፊያው፣ ምልክቱ፣ ያስቀመጥናቸው ገጾች። ከሥር ደግሞ የድረ ገጹን ኮድ አንብቦ ስክሪኑ ላይ የሚስል ሞተር አለው። አፕል ለአይፎን ባወጣው ደንብ መሠረት ድረ ገጽ የሚያስስ መተግበሪያ ሁሉ ዌብኪት የተባለውን የአፕልን ሞተር መጠቀም አለበት። ስለዚህ እዚህ አገር አይፎን ላይ የሚጫነው ክሮምም ፋየርፎክስም ከሥሩ ዌብኪት ነው። ሳህኑ ተቀያየረ እንጂ እንጀራው የወጣው ከአንድ ምጣድ ነው። ቅጹን በእኔ አንድሮይድ ስልክ አስሞላሁት፤ በመጀመሪያው ሙከራ ሄደ።

አፕል ምክንያቱ ደህንነት ነው ይላል። ሞተሩ አንድ ከሆነ ቀዳዳ ሲገኝ በአንድ ጊዜ ይደፈናል፤ ይህ ውሃ የማይቋጥር ክርክር አይደለም። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ድረ ገጾች ልክ እንደ መተግበሪያ ማሳወቂያ እንዲልኩ የሚያስችለው አሠራር አንድሮይድ ላይ ባለው ክሮም የገባው በ2015 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አይፎን ላይ የመጣው በ2023፣ የአይፎን ሥርዓተ ክወና የሆነው አይኦኤስ 16.4 ሲወጣ ነው፤ ያውም ገጹ መጀመሪያ እንደ መተግበሪያ መነሻ ስክሪን ላይ ከተቀመጠ ብቻ። በእነዚያ ስምንት ዓመታት ማንም ተፎካካሪ «እኔ ላድርገው» ማለት አይችልም ነበር፤ ሞተሩ የእርሱ አይደለማ። የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው ሕግ ምክንያት ከመጋቢት 2024 ጀምሮ በአባል አገሮቹ ሌላ ሞተር ተፈቅዷል። ኮዬ ፈጬ ግን ብራስልስ አጠገብ ስላልሆነች የእኛ አይፎኖች እንደነበሩ ናቸው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር፦ አሮጌ አይፎን ላይ «ብሮውዘሩን ላድሰው» የሚል ሰው ይደክማል። ዌብኪት የሚታደሰው ከራሱ ከአይኦኤስ ጋር ነው። ስልኩ አዲስ አይኦኤስ መቀበል ካቆመ፣ የጫናችሁት ብሮውዘር ሁሉ አብሮ ያረጃል። አንድሮይድ ላይ ብሮውዘሩ ለብቻው ከፕሌይ ስቶር ይታደሳል። እርሱም ቢሆን ገደብ አለው፤ ለምሳሌ ክሮም ከ139ኛው እትም ጀምሮ ከአንድሮይድ 10 በታች ላይ አይጫንም።

«አንድሮይድ ላይ እንደ ልብ ነው፣ ብሮውዘር ሞልቷል»

ግማሹ እውነት ነው፤ አንድሮይድ ላይ የሞተር ክልከላ የለም። ምርጫው ግን ከሩቅ የሚመስለውን ያህል ሰፊ አይደለም። ክሮም፣ ኤጅ፣ ብሬቭ፣ የሳምሰንግ ብሮውዘር፣ ዋናው ኦፔራ፣ ሁሉም የሚሠሩት ብሊንክ በተባለው የጎግል ሞተር ነው። ኦፔራ የራሱን ሞተር የተወው በ2013 ሲሆን ማይክሮሶፍትም በ2020 ተከተለ። ጎግል ራሱ ብሊንክን በ2013 የጀመረው ከዌብኪት ገንጥሎ ነው፤ ዌብኪት ደግሞ ኬኤችቲኤምኤል ከተባለ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ የተወለደ ነው። በስም ከሚታወቁት ውስጥ በራሱ መንገድ የቀረው ጌኮ የተባለውን ሞተር የያዘው ፋየርፎክስ ነው። ለደንበኞቼ እርሱን የምጭንላቸው ለመርህ ብዬ አይደለም። አንድሮይድ ላይ የማስታወቂያ ማገጃ ተጨማሪ መቀበል ይችላል፤ ክሮም ግን አይቀበልም። በሜጋባይት ለሚከፍል ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

«ከስልኩ ጋር የመጣው የተሻለ ቢሆን ነው»

ክሮም መጥፎ ብሮውዘር አይደለም፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ስልኩ ላይ ያስቀመጠው ግን ውል ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2018 ጎግልን 4.34 ቢሊዮን ዩሮ ሲቀጣ ከክሶቹ አንዱ ይኸው ነበር፤ ስልክ አምራቾች ፕሌይ ስቶርን ማግኘት ከፈለጉ የጎግልን መፈለጊያና ክሮምን አብረው እንዲጭኑ ይገደዱ ነበር። ፍርድ ቤት በ2022 ቅጣቱን ወደ 4.125 ቢሊዮን ቢያወርደውም ውሳኔውን በአብዛኛው አጽንቷል። በአሜሪካ በተካሄደው ክስ ደግሞ ጎግል የሳፋሪ ቀዳሚ መፈለጊያ ሆኖ ለመቆየት በ2022 ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር መክፈሉ ታወቀ። ዳኛ አሚት ሜታ በነሐሴ 2024 ጎግል በፍለጋ ገበያ የሞኖፖል ሥልጣኑን ከሕግ ውጭ ማስጠበቁን ወስነዋል።

ሰው ሁሉ ስልኩን በገዛ ማግሥት መርጦ የሚቀይር ቢሆን ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፍል ሞኝ አይገኝም። እኔ ጋ ከመጡት ስልኮች መካከል ሊንክ ሲነካ የሚከፈተውን ብሮውዘር ባለቤቱ በእጁ የቀየረው የትኛው ነው ብባል ጣቶቼ ይተርፋሉ። አይፎን ላይማ እስከ መስከረም 2020፣ አይኦኤስ 14 እስኪወጣ ድረስ፣ መቀየሪያውም አልነበረም።

«ጎግልና ክሮም አንድ ናቸው»

ክሮም በር ነው፤ ጎግል በበሩ ከሚገባባቸው ቤቶች አንዱ። ፋየርፎክስ ከፍቶ ጎግል ላይ መፈለግ፣ ክሮም ከፍቶ በሌላ መፈለጊያ መፈለግም ይቻላል።

«ኦፔራ ሚኒ ጥቅል አይበላም»

ይበላል፣ በጣም ጥቂት ግን ይበላል። በኖኪያ ዘመን ብዙዎቻችንን ከኢንተርኔት ጋር ያስተዋወቀን እርሱ ነው፤ ባለውለታ ነው። ከፍተኛ ቁጠባው ሲበራ ገጹን የሚከፍተው የኩባንያው ሰርቨር ነው፤ ጨምቆ የተዘጋጀውን ለስልካችሁ ይልካል። ለዜና ማንበቢያ ግሩም ነው። ቅጽ መሙላት ሲመጣ ግን ብዙ ቁልፎች አይታዘዙም። ገጹ በመካከል ሌላ ሰርቨር ላይ ስለሚከፈትም የባንክ የይለፍ ቃል በዚህ ሁኔታ አላስገባም።

«ሊንክ ከነካሁ ክሮም ነው የሚከፈተው»

አንዲት እናት ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «ሰው ገብቶብኛል» አሉ። የልጃቸውን የትምህርት ቤት ገጽ ጠዋት ፌስቡክ ላይ ካገኙት ሊንክ የይለፍ ቃል አስገብተው ከፍተውታል። ከሰዓት ክሮም ላይ ሲከፍቱት እንደገና የይለፍ ቃል ጠየቃቸው። የገባባቸው ሰው የለም። ፌስቡክ ሊንኩን የሚከፍተው በራሱ ሆድ ውስጥ ባለ ብሮውዘር ነው፤ እዚያ የገቡበት ገጽ ክሮም ዘንድ አይታወቅም። ላይኛው ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች አሳየኋቸው፤ «በብሮውዘር ክፈት» የሚል አለ።

«ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን እዚያ አይከፍተውም?»

«ከቤቱ እንዳይወጡበት ነው፣ እትዬ።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «እንግዲያውስ ይህን ከፌስቡክ አውጣልኝና ሁልጊዜ በክሮም እንዲከፍት አድርግልኝ» አሉ። ከፌስቡክ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ስቀይር አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ቁልፉን ያስቀመጡበትን ቦታ ለማግኘት።