ራስ አገዝ ሕክምና ምንድን ነው? «ራስሽን ቻይ» ማለት ነው ያለው ማን ነው?

ሰሞኑን ድብርት እንዳለባት ለጻፈች ልጅ አንድ ሰው የሰጣትን መልስ አነበብኩ። «ሐኪም ምን ያደርግልሻል? ፈረንጆቹም አሁን ራስ አገዝ ነው የሚሉት። መጽሐፍ አንብቢ፣ በርቺ።» ብዙ ሰው ወዶለታል። ቃሉ እንዲህ ሲጣመም ሳይ የመጀመሪያዬ አይደለም። እንግሊዝ አገር የምተዳደረው ሰዎችን በዚሁ በራስ አገዝ ሕክምና በማገዝ ሥራ ስለሆነ ዝም ማለት አቃተኝ።

ራስ አገዝ የሚባለው በጥናት ከተፈተነ የንግግር ሕክምና (ከባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ ከሚወሰድ የአእምሮ ሕክምና) የተወሰደ ልምምድ ነው። በመጽሐፍ፣ በድምፅ ወይም በኢንተርኔት ይሰጣል፤ ታካሚው ቤቱ ሆኖ ይሠራዋል። አጋዥ ያለው አለ፣ አጋዥ የሌለው አለ። ያን መልስ የጻፈው ወንድሜ የዘለለው ይህችን ነው። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ቀለል ላለ ድብርት የሚመክረው አጋዥ ያለውን ነው። የሠለጠነ ሰው በቀጠሮ ይደውላል፣ የት እንደደረስክ ይጠይቃል፣ የከበደህን አብሮህ ያያል።

እንጀራ ጋግራ የማታውቅ ልጅ አስቡ። ጤፉን፣ እርሾውንና የአሠራሩን ወረቀት ሰጥተናት ብንሄድ ምን ትጋግራለች? እናቷ አጠገቧ ስትሆን ግን «ምጣዱ ገና አልጋለም»፣ «ሊጡ ወፍሯል፣ ውሃ ጨምሪ» ትላታለች። የምትጋግረው ልጅቷ ናት። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን ባያወጣ እናት «አንቺ አይሆንልሽም» አትልም፤ ሁለተኛውን ታስጀምራታለች። በድብርት ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ምጣዱን ለመጣድ እንኳ አቅም ያጣ ሰው ነው። ወረቀት ብቻ ስንሰጠው፣ ሲያቅተው ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ይህን ታካሚዎቹ ራሳቸው ተናግረውታል። በ2015 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ በ691 ድብርት ያለባቸው ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ። የኮምፒውተር ራስ አገዝ ፕሮግራም ተጨምሮላቸው ከተለመደው ሕክምና ብቻ የተሻለ ውጤት አልተገኘም። ስልክ ይደወልላቸው ነበር፤ ግን አጭር ነበር፣ በአብዛኛውም ስለ ፕሮግራሙ አጠቃቀም እንጂ ስለ ሕመሙ አልነበረም። ብዙዎቹ ከአንድ ሁለት ትምህርት አላለፉም። ሲጠየቁ ያሉት ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ስታመም ሐሳቤን መሰብሰብ አልችልም፣ ጽሑፉ የእኔን ኑሮ አያውቀውም፣ ሰው ማነጋገር እፈልጋለሁ። የወደዱትም ነበሩ። በራሴ ሰዓት እሠራዋለሁ፣ ማንም አያየኝም ብለዋል። የእኛ ሰው ይህን ሁለተኛውን በደንብ ይረዳዋል። በኋላ በተሠራ ሌላ ጥናት በስልክ በደንብ የሚያግዝ ሰው ሲጨመር ከ4 ወር በኋላ ልዩነቱ ታየ፤ በዓመቱ ግን ቀነሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጥናት ውስጥ «አልጨረሰም» ተብሎ የሚመዘገብ ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ አይደለም። ተሽሎት የተወም ይኖራል። ቁጥሩን ብቻ ይዘን «ራስ አገዝ አይሠራም» ብንልም ስህተት ነው።

«እኛ አገር ሐኪሙ የት አለና?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን አጋዡ የግድ ሐኪም መሆን የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ሰሜን ዩጋንዳ ለሚኖሩ ደቡብ ሱዳናውያን ስደተኛ ሴቶች ያቀረበው ፕሮግራም የተቀዳ ድምፅና ሥዕላዊ መጽሐፍ ነው። አምስት ጊዜ ይሰበሰባሉ፣ በቡድን እስከ 30 ሰው። የሚመሩት አጭር ሥልጠና የወሰዱ፣ ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። የሴቶቹም ጭንቀት ቀንሷል። ድምፁ የተቀዳ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ሰው አለ።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያለበት፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው፣ ለቀናት እንቅልፍ አጥቶም የማይደክመው ሰው ግን በቡክሌት አይያዝም። ቶሎ ሐኪም ሊያየው ይገባል። መድኃኒት የሚወስድም ሰው መጽሐፍ አነበብኩ ብሎ በራሱ አያቋርጥ።

እኔ ጋ ለሚመጡ ሐበሾች የምሰጠው ቡክሌት ውስጥ ያለው ምሳሌ ከጓደኛ ጋር መጠጥ ቤት መሄድ ነው። አንዲት እናት «ይሄ ስለ እኔ አይደለም» ብላ መለሰችልኝ። እውነቷን ነው። ምሳሌውን ሰርዘን «ቅዳሜ ጎረቤቴን ቡና እጠራለሁ» ብለን ጻፍን። በሚቀጥለው ሳምንት ስደውልላት ጠርታ ነበር።